የእትዬ መርፌ ዱባ እና የዋርሳዋ ትል

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መርፌ» የሚላት ለሙያዋ ይሁን ለምላሷ ማንም አጣርቶ አያውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላና ጋውን ስትሰፋ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ቀጭን፣ ፊቷ በቀላሉ የማይፈታ ሴት ናት። ዱባ አትወድም። ሽታው ራሱ ያንገሸግሻታል። ዱባ ወዳዱ ባሏ ነበር። በየዓመቱ ለግዙፍ ዱባ ውድድር አራት ጎረምሳ ተጋግዞ የሚያነሳው ዱባ ያቀርብና፣ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ስለ እሱ ሲያወራ ይከርም ነበር።

ባሏ ሞተ። ከቀብር በተመለሱበት ቀን፣ ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ዋርሳዋ፣ ማለትም የባሏ ታናሽ ወንድም፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው «እንግዲህ ዱባውም አብሮት አለቀ። እሷ እንደሆነች ከክር ሌላ አታውቅ» ሲል ጆሮዋ ጥልቅ አለ። ነገሩም ሆዷ ገብቶ ተቀመጠ።

ዋርሳዋ የመጋዘን ኃላፊ የነበረ፣ ቁልፍ ከወገቡ የማይለይ ሰው ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የወላጆቻቸውን ቤት ለሁለት ከፍለው ይኖሩበት ነበር። የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ ግቢውን መሐል ለመሐል በሽቦ አጠረው፤ ሲያጥርም ልብስ ማስጫ ገመዷን ወደ ራሱ አስገባው። እስከዚያች ቀን «እትዬ፣ እርስዎ» ሲላት የኖረው ሰው፣ አጥሩ ከቆመ ወዲህ «አንቺ» አላት። እሷም ሰላምታ ነሳችው።

ዝናቡ ሲገባ ባሏ በቆርቆሮ ያስቀመጠውን ዘር አውጥታ ተከለች። ለፍቅር አይደለም፤ ለእልህ ነው። ይህን ያየው ዋርሳዋም በበኩሉ ተከለ።

የመጀመሪያው ዓመት ዱባዋ ዐይኗ እያየ ተበላ። የሚበላው ጠፍጣፋ፣ ግራጫ፣ ሲጨፈለቅ ክፉኛ የሚገማ ተባይ ነው፤ ቅጠሉን እየመጠጠ እንደ ወረቀት ያደርቀዋል። በሁለተኛው ዓመት ግን ነቃችበት። ቅጠሉን እየገለበጠች ከሥሩ ተደርድሮ የተጣበቀውን የነሐስ መልክ ያለው እንቁላል በፕላስተር እየላጠች ታነሳለች። ማታ ከግንዱ አጠገብ ጣውላ ታነጥፋለች፤ ጠዋት ስታነሳው ተባዩ ከሥሩ ተሰብስቦ ይጠብቃታል። በሳሙና ውሃ ባልዲ ውስጥ ታራግፈውና እስኪሞት ቆማ ታየዋለች። «አንተ ዓይን አውጣ፣ ማን ጠራህ?» ትለዋለች። ስትናገር ዐይኗ አጥሩ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ዋርሳዋ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ወጣ። የዕለቱ የዱባ አበባ ገና መከፈቱ ነው፤ ንብ ይገባል፣ ይወጣል።

«አበባው ተከፍቶ ትረጫለህ? ንቡን ልትጨርሰው ነው?» አለችው። አጥሩ ከቆመ ወዲህ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር።

«የምረጨው የራሴን ግቢ ነው።»

«ነፋሱም ያንተ ነው?»

«አንቺ ስፌትሽን ስፊ» አለና መርጫውን ከፈተው።

ቀትር ላይ ንቦቹ በሁለቱም ግቢ በጀርባቸው ተዘርረው እግራቸውን ያወራጩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ንብ ዝር አላለም። እትዬ መርፌ ጥርሷን ነክሳ በየማለዳው ወንዴውን አበባ እየቀነጠሰች፣ የአበባውን ቅጠል ገፍፋ ዱቄቱን በሴቴው አበባ ውስጥ ማሸት ጀመረች። እያሸች ትራገማለች። አንዱ ያዘላት። በሳምንታት ውስጥ የልጅ ራስ አከለ፣ ከዚያም በርሜል ወደ ማከሉ ሄደ። የዋርሳዋም፣ ከርጭቱ በፊት የያዘው፣ ከእሷ እየበለጠ አደገ።

አንድ ቀን ከግንዱ ሥር መጋዝ የጣለው የመሰለ እርጥብ ብናኝ አየች። ብናኙ የሚወጣው ከግንዱ ላይ ካለች ቀዳዳ ነው። ምላጭ አመጣችና ግንዱን በቁመቱ፣ የተሰፋ ልብስ እንደምትተረትር ቀስ ብላ ሰነጠቀችው። ውስጡ ወፍራም ነጭ ትል ተጋድሟል። በመርፌ ወግታ አወጣችው፤ ከኋላው ሌላ ነበር፤ እሱንም አወጣችው። ቁስሉን ገጥማ እርጥብ አፈር ከመረችበት። ግንዱ ከአፈሩ ውስጥ አዲስ ሥር አበቀለና ተረፈ።

ያን ዕለት ምላጩን ጠራርጋ ቀና ስትል፣ ከአጥሩ ማዶ የዋርሳዋ ዱባ ቅጠሉን ጥሏል። ከግንዱም ሥር ያው ብናኝ አለ። እሱ የጠማው መስሎት በባልዲ ላይ ባልዲ ውሃ ይደፋበታል። እትዬ መርፌ ምላጩን በሽርጧ ኪስ ከተተች። «ይጠጣልህ» አለች በሆዷ፤ ገብታም በሯን ዘጋች።

ሳምንት ሳይሞላ የዋርሳዋ ሐረግ ሙሉ በሙሉ ወደቀ፤ ያ የሚያክል ዱባ መበስበስ ጀመረ። አጥሩ ላይ መጥቶ ሽቦውን ነቀነቀ።

«መርዝ አፍስሰሽበታል!»

«ግንዱን ሰንጥቀህ እየው። የበላውን ታገኘዋለህ።»

ሄዶ በቢላ ሰነጠቀው። ሲመለስ ትሉን በመዳፉ ይዟል። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ስፌቴን እየሰፋሁ ነበር።»

ትሉን በእግሩ ሥር ጨፈለቀው። «እንግዲያው ይህ ሐረግ እዚሁ ይበሰብሳል። አላነሳውም» ብሎ ሄደ።

ነገሩ የገባት ግራጫው ተባይ ሲደርስባት ነው። በሞተው ሐረግ ላይ የሚበላ ያጣው ተባይ በሽቦው ሥር እየተርመሰመሰ ወደ እሷ ጎረፈ። ጣውላውም ፕላስተሩም አልበገረውም፤ የቅጠሉ ጠርዝ ይከስል ጀመር። በዝምታዋ ያመጣችው መሆኑን ታውቃለች። ያን ማወቋ ደግሞ ይበልጥ አንጀቷን አሳረራት።

አንድ ጠዋት ማጭድ ይዛ በእሱ በር ገባች። ሐረጉን እየቆረጠች ስትጎትት በካናቴራ ብቻ ወጣ።

«ከግቢዬ ውጪ።»

«ስጨርስ እወጣለሁ።»

«ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ። ሲመጣ ጆንያ ይያዝልኝ።»

እሱም ገብቶ ጆንያ አመጣና፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አፉን ከፍቶ ያዘላት። ለእሷ ብሎ አልነበረም። ተባዩ ከወጥ ቤቱ ገብቶ በድስቱ ክዳን ላይ መሄድ ጀምሮ ነበር። ሐረጉን በበርሜል አቃጠሉት። ጭሱ ሲያስነጥሳቸው «ይማርህ» ያለ የለም፣ «ይማርሽ» ያለም የለም።

በውድድሩ ቀን ዱባዋ ሚዛን ላይ ወጣና ሁለተኛ ሆነ። አንደኛ የወጣው ማንም የማያውቀው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዋርሳዋ ከአዳራሹ ኋላ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ሁለተኛ» አላት፣ እንደ መርዶ።

«አንተ ስንተኛ ወጣህ?»

ቁልፎቹን እያንሿሿ ቀድሟት ሄደ።

ዝናቡ ካበቃ በኋላ ሁለቱም አካፋ ይዘው መደባቸውን ይገለብጡ ነበር፤ በአንድ ቀን መገጣጠማቸው ሁለቱንም አናዷል። እሷ የአፈሩን ጓል እየሰበረች፣ በውስጡ ቡናማ ልባስ ለብሶ ተጠቅልሎ የተኛውን ትል እየለቀመች ትጨፈልቃለች። እሱ አፈሩን ከላይ ከላይ ይቧጭራል። ዐይታ ታገሠች፤ መታገሥ አቃታት።

«ጠለቅ አድርግ። ትሉ የሚተኛው ታች ነው።»

«ጠየቅኩሽ?»

«አልጠየቅከኝም። ወደ እኔ እንዳይመጣብኝ ነው።»

ጀርባውን ሰጣት። ቀጥሎ ያነሳው አካፋ ግን እስከ አንገቱ አፈሩ ውስጥ ገባ። እሷም ቆማ አላየችውም፤ የራሷ መደብ ገና ግማሹ ይቀር ነበር።