ጿሚው ዓሣና ቢጫዋ እንግዳ

እኔ ፈሪ ነኝ። መብራት ሲጠፋም ሲመጣም እደነግጣለሁ። እንዲህ እያወቀኝ፣ እዚሁ ንፋስ መውጫ አስተማሪ የሆነው ልጄ ከባሕር ዳር ዓሣ በመስታወት ሣጥን አምጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ጎለተው። ውኃና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በአንድ ሣጥን!

«ሲክሊድ ይባላል እማ፤ የጣናው ቆሮሶ ዘመድ ነው» አለኝ።

እኔ ቆሮሶን የማውቀው ተጠብሶ ነው። ይሄኛው ሰማያዊ ሆኖ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያየኝ ነው። ነጠላዬን ተከናንቤ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የማልፍ።

በፍልሰታ ልጄ ለሥልጠና ደብረ ታቦር ወረደ። በሄደ በሳምንቱ እጮኛው መጣች። የእስቴ ልጅ ናት፤ ሥራዋ ባሕር ዳር ነው። በላስቲክ ውኃ ውስጥ አንዲት ቢጫ ዓሣ ይዛለች።

«ለልጅዎ ስጦታ ናት፤ ዓሣው ብቻውን እንዳይሆን ብዬ» አለች። «እሑድ ከእናቴ ጋር ስመጣ አያታለሁ። አደራ እማማ።»

ይህን ብላ ወደ እናቷ ሄደች። እኔ አደራውን ይዤ ቀረሁ። አማቷ ልሆን ነው፤ ገና በወጉ እንኳ አልተነጋገርንም። ዓሣዋ ብትሞት ምን ልትል ነው? «ዓሣ ያላኖረች ሴት እኔን ታኖረኛለች?» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ላስቲኩን ፈትቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ገለበጥሁት። ስገልጥ ሰማያዊው ከድንጋዩ ሥር እንደ ሚሊሻ ተወርውሮ ወጥቷል። ቢጫዋን ከጥግ ጥግ እያሯሯጠ ከማሞቂያው ኋላ ወሸቃት፤ ጭራዋንም ቦጨቀው።

«ተው! አንተ! እንግዳ ናት እኮ!» እላለሁ፣ መስታወቱን በማማሰያ እያንኳኳሁ። ማን ሰምቶኝ!

ለልጄ ደውዬ ጉዱን ነገርሁት።

«እማ፣ ምግብ እየሰጠሽው ነው?»

«እሰጠዋለሁ።»

«ጠዋትና ማታ?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቅዳሴ ሲወጣ» አልሁት።

«ምን አልሽ?»

«ጾም ነው እኮ ልጄ!»

ምግቡ ደቆ የተፈጨ ዓሣ ነው፤ ሽታው ያስታውቃል። ሕፃናቱ እንኳ በፍልሰታ ሲጾሙ፣ እሱ በጠዋት ፊቴ ላይ ሲበላ ዝም ብዬ ልይ? ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ ነበር የማቀምሰው፤ ረቡዕና ዓርብማ ጭራሽ የለም።

«እማ፣ የራበው ሰው እንግዳ ይወዳል?» አለኝ ልጄ። ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም። «አሁኑኑ ስጭው። ከዚያ ድንጋዮቹን አዘዋውሪያቸው። ቤቱ የት እንደ ነበር ሲጠፋው፣ እሱም እንደ እሷ እንግዳ ይሆናል።»

የልጅ ነገር ብዬ ተጠራጠርሁ። ደግነቱ የነፍስ አባቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ገና ሳይቀመጡ ነገርኋቸው።

«አባ፣ የነነዌ እንስሳትስ ጾመው የለም?»

መስታወቱን ብዙ አዩት። ሰማያዊውም አያቸው።

«ጾመዋል» አሉ። «ከብቱ ጾሟል፣ በጉም ጾሟል። ዓሣው ግን በዚያ ሰሞን አንድ ነቢይ የሚያህል ውጦ ነበር። ስጭው ልጄ፣ ስጭው።»

ሰጠሁት። በላ፣ በላ፤ ትንሽ በረድ አለ። ቢጫዋ ብቅ ስትል ግን ያው ተነሣ። የቀረው ድንጋዩ ነው።

«አባ፣ እርስዎ እጅዎን ቢያስገቡልኝ?»

«እኔ የምባርከው ከውጭ ነው» አሉ።

ሶኬቱን ነቀልሁ። ክንዴን በላስቲክ ጠቅልዬ «በስመ አብ» ብዬ አስገባሁ። አንዱን ድንጋይ እንዳነሣሁ ሰማያዊው ጣቴን በላስቲኩ ላይ ነከሰኝ። ጩኸቴ ጎረቤት ተሰማ፤ አባም መስቀላቸውን እንደ ያዙ ወደ በሩ አፈገፈጉ። እኔ ግን እሑድን ሳስብ እጄን አላወጣሁም። እየጮህሁ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አደረግሁ።

ሰማያዊው መሐል ላይ ቆሞ ቀረ፤ መሬቱ የተሸነሸነበት ባላባት መሰለ። እሱ ቤቱን ሲፈልግ ቢጫዋ አንዱን ሽንቁር አይታ ሹልክ አለች። ማሞቂያውን መልሼ ሰካሁት፣ መስታወቱንም በጋቢ ጋረድሁት።

እሑድ ልጅቱና እናቷ መጡ። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ ልጅቱ ወደ መስታወቱ ሄዳ ጋቢውን ገለጠች። ቢጫዋ ጭራዋ እንደ አሮጌ ጥለት ተበጣጥሶ ከሽንቁሯ ብቅ አለች።

«አለች!» አለች ልጅቱ። «እማማ፣ እኔ እኮ ሞታ ትቆየኛለች ብዬ ነበር።»

ይህን ብላ ከቦርሳዋ ሌላ ላስቲክ አወጣች፤ ሌላ ቢጫ ዓሣ!

«በሞተችዋ ቦታ ልተካት ነበር፤ እርስዎ እንዳይደነግጡ። አሁን ግን ትጨመር። አንዷ ብቻ ስትሆን ዱላው ሁሉ በሷ ላይ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ይካፈሉታል።»

እናቷ ወንበሩ ላይ ተደላደሉና «እኔስ አብሬያት የመጣሁ ለምን መሰለሽ?» አሉኝ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ኧረ ከኔ ዘንድስ ዱላ የለም፤ እኔ ፈሪ ነኝ» አልኋቸው።

«እሷም አንቺን ስትፈራ ነው የከረመች። መንገዱን ሙሉ ‹ዓሣ ሰጥቼ አስቸገርኋቸው› ስትለኝ ነበር።»

ልጅቱ አቀረቀረች። እኔም ላስቲኩን ከእጇ ተቀበልሁና «ነይ፣ አብረን እናስገባት» አልኋት። አንደኛውን ጫፍ እሷ ያዘች፣ ሌላውን እኔ፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ገለበጥነው።