ጋሽ ጆሮ ማይክሮፎኑን የያዙ ቀን

ሰዎች ሽቦ ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ከሽቦ ጋር ስለምትውል ነው የሚሉም አሉ። እሷ አንዱንም አታስተባብልም። ሥራዋ ሕንፃ ውስጥ ድምፅ መዘርጋት ነው። ሱቅም ቢሮም ክሊኒክም በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰባሰቡ፣ አንድ ሰው ታች ተቀምጦ የሚናገረው በየፎቁ ኮርኒስ ላይ ከተተከሉት ድምፅ ማጉያዎች እንዲሰማ የምታደርገው እሷ ናት።

የነገሩ ሁሉ ልብ አምፕሊፋየሩ ነው። አንድ ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ለእያንዳንዱ ፎቅ የየራሱ ቁልፍና የየራሱ ማዞሪያ አለው። የሱቆቹን ቁልፍ ከተጫኑ የሚሰማው ሱቅ ብቻ ነው፤ የሁሉንም ከተጫኑ ሕንፃው በሙሉ ጆሮውን ያቆማል። ሙዚቃ እየሄደ ሰው ማይክሮፎኑን ከከፈተ ሙዚቃው በራሱ ዝም ይላል፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም እንደሚል ጨዋ ልጅ። ዋናው ሙያ ግን ማዞሪያዎቹ ላይ ነው። ጫጫታ ያለበት ቦታ ድምፁ ጠንከር፣ ጸጥታ ያለበት ለስለስ ማለት አለበት። አንዱን ፎቅ ያስደሰተ ድምፅ ሌላውን ያሳብዳል።

ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ አገር የሚያውቃቸው ጋሽ ጆሮ በሚል ስም ነው። ሬዲዮ ይጠግኑ በነበረ ጊዜ ደንበኛው አፉን ሳይከፍት “ቆይ፣ አትንገረኝ” ይሉና ጆሯቸውን አስጠግተው በሽታውን ይነግሩት ነበር። ሽቦ የቴክኒክ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ትልቅ መሥሪያ ቤት ትገባለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ቀጥ ብላ አባቷ መኪና ውስጥ ገብታ መሰላሉን አሰረች። ይኸው ሠላሳን ተሻግራም መሰላሉን የምታስረው እሷ ናት።

የጋሽ ጆሮ አሠራር ከሌላው ሰው ይለያል። ዝርጋታው ሲያልቅ ልጃቸው ማይክሮፎኑ ጋ ትቀመጣለች፤ እሳቸው ፎቅ በፎቅ እየዞሩ፣ ክፍሉ መሐል ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በስልክ “ጨምሪ” ካሉ ትጨምራለች፣ “ቀንሺ” ካሉ ትቀንሳለች፣ “ይበቃል” ካሉ የዚያ ፎቅ ነገር አለቀ። ሌላው ባለሙያ ማይክሮፎን ሲሞክር “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ይላል። ጋሽ ጆሮ ቁጥር አይወዱም። “ቁጥር ማን ያዳምጣል? ሰው ጆሮ የሚሰጠው ለወሬ ነው፤ የዋልሽበትን አውሪ” ይሏታል።

ስለዚህ ሽቦ ያደገችው ማይክሮፎን ላይ እያወራች ነው። የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀ ጊዜ የሰማው አንድ የቤት ዕቃ መደብር ነው። ከልብ ጓደኛዋ ጋር የተጣላችውን የሰማው የሆቴል አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት ሰው ካለ ቃል የሚጠፋት ዓይን አፋር ልጅ ነበረች፤ አሁንም ናት። ሰሚው ከግድግዳ ማዶ ሲሆን ግን አንደበቷ ይፈታል። አባቷ የልጃቸውን ሆድ ያወቁት ፎቅ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

አሁን የምነግራችሁ ታች መኪና ማቆሚያ፣ ከዚያ ሱቆች፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ቢሮዎች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ ባለበት አንድ ሕንፃ ውስጥ የሆነውን ነው። ዝርጋታው አምሮ ነበር። ገመዱ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል፣ ምልክቱ ሁሉ በየቦታው ተለጥፏል። በመጨረሻው ሙከራ ሽቦ እንደ ወትሮዋ ማይክሮፎኑ ጋ ተቀመጠች፤ አባቷ ሁለተኛ ፎቅ ወጡ።

“ጨምሪ” አሉ በስልክ።

ጨመረች።

“ጨምሪ እንጂ! ምነው ሰሰትሽ?”

አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካን ሲሸጋገሩ አየች። ለክሊኒክ ይህን ያህል? ጣቷ አመነታ። ያሉት ግን አባቷ ናቸው፤ ጨመረች።

በማግሥቱ ጠዋት ጥበቃው በሩ ላይ ተቀበላት። ነገር ሲያይ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው። “ሽቦ! አባትሽ ሙታን ሊቀሰቅሱ ነው እንዴ? ዛሬ ጠዋት ‘እንደምን አደራችሁ’ ሲባል ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሰው ሁሉ ታች ወረደ!”

“አጋነንክ።”

“ልጆቼን! ሐኪሙ ራሱ ጓንቱን እንዳደረገ ነው የወረደ።”

ባለ ሕንፃዋ ከኋላው መጣች። ቁጣ የማትወድ፣ ግን ቃሏን የማታጥፍ ሴት ናት። “የኔ እህት፣ ጋሽ ጆሮን አከብራቸዋለሁ። ተከራዮቼ ግን እያማረሩ ነው። ከሰዓት መጥቼ እኔው ራሴ ፎቅ በፎቅ እሰማለሁ። እንዲሁ ከሆነ ሌላ ባለሙያ አስገብቼ አስተካክላለሁ፤ አትቀየሙኝ።”

ሽቦ ራሷን ነቀነቀች። በእነሱ ሙያ፣ ከኋላህ ሌላ ሰው ገብቶ ማዞሪያህን ከነካ፣ የነካው ስምህን ነው። ጋሽ ጆሮ ዕድሜ ልካቸውን ከኋላቸው ማንም ገብቶ አያውቅም።

መሰላሏን ይዛ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። ሐኪሙ አመልካች ጣቱን ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ቀላ ያለ የጥርስ ምልክት አለበት። “ድምፁ ሲመጣ ታካሚዬ ደንግጦ አፉን ገጠመ። ጣቴ ውስጥ ነበር።”

“ይቅርታ ዶክተር። አሁን አየዋለሁ።”

ኮርኒሱን ከፍታ ጭንቅላቷን አስገባች። እያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድ የሚወሰንባት ትንሽ ትራንስፎርመር አለች። ገመዱ የተሳሳተው መውጫ ላይ ገብቶ ከሆነ ጉዳዩ በቀላሉ ያልቃል፤ የገመዱ ሥራ ደግሞ የእሷ ስለሆነ ጥፋቱም የእሷ ይሆናል። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ተሳስቼ በተገኘሁ ብላ ተመኝታ አታውቅም። አንዱን አየች፣ ቀጣዩን አየች። ሁሉም ትክክለኛው፣ ዝቅተኛው መውጫ ላይ ነው። በመለኪያዋ ለካች፤ ንጹሕ። ሽቦ የሠራችው ሽቦ እንከን አልነበረውም።

መሰላሉ ላይ እንደቆመች ነገሮች አንድ በአንድ መጡላት። ቤት ውስጥ እናቷ “አባትሽ ቴሌቪዥኑን ለኛ ነው ወይስ ለመንደሩ የሚከፍተው?” ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። አባቷ ድሮ ስልክ የሚያነሱት በቀኝ ጆሯቸው ነበር፤ አሁን በግራ ነው። ሰው በቀኝ በኩል ሲያናግራቸው ፈገግ ብለው “እንዴታ” ይላሉ፣ ምንም ይሁን ምን የተጠየቁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአባቷ ግን ለልጃቸውም ባዳ ሆኖባት ከርሟል።

አንድ ሐሳብ መጣባት፦ ወርዶ ማዞሪያውን ሳይታይ ዝቅ ማድረግ። አንድ ጣት የማይሞላ ሥራ ነው። ግን አባቷ ባለ ሕንፃ ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ ለመጨረሻ ጊዜ ይዞራሉ። ወጥተው “ጨምሪ” ይሏታል። ያኔስ? በሚቀጥለው ሕንፃስ?

ታች ስትወርድ አባቷ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ገመድ ይጠቀልላሉ።

“ኮርኒሱን አየሽ?”

“አየሁ አባዬ።”

“ትራንስፎርመሮቹስ?”

“ዝቅተኛው ላይ ናቸው። ለካሁም። ደኅና ነው።”

“እኮ! ምን እላለሁ? ጥርስ ሐኪም ከጩኸት የሚያውቀው የታካሚውን ብቻ ነው፤ ሌላ ሲሰማ ይደነግጣል።” በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ። ሽቦ አልሳቀችም። ይኼኔ ስልካቸው ጮኸ፤ እናቷ ነበሩ። ጋሽ ጆሮ በግራ ጆሯቸው አንስተው “እሺ፣ እሺ” ብለው ዘጉ።

“አባዬ፣ ስልክ በግራህ ሆኗል የምታነሳው።”

“እና በእግሬ ላንሳ?”

“ድሮ በቀኝህ ነበር።”

የሚጠቀልሉት ገመድ እጃቸው ላይ ቆመ። “እናትሽ ናት የነገረችሽ?”

“ቴሌቪዥኑ ነው የነገረኝ።”

ቀና ብለው አዩዋት። ሽቦ ዓይኗን አልሰበረችም። በሌላ ነገር ዓይን አፋር ናት፤ ስለ ድምፅ ሲሆን ግን የምታውቀውን ታውቃለች፣ ያሳወቋትም እሳቸው ናቸው።

“ትናንት ጨምሪ ስልሽ” አሉ በመጨረሻ፣ “መብራቱን አላየሽም ነበር?”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን ጨመርሽ?”

“አንተ ስላልከኝ።”

“እሱ ነው ጥፋትሽ!” ብለው ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ቁጣው ግን ሩቅ አልሄደም፤ መንገድ ላይ ደከመውና ተቀመጠ። ጋሽ ጆሮም አብረውት ወንበር ላይ ተቀመጡ። “ወፍ” አሉ ቆይተው። “መስኮታችን ላይ ጠዋት ጠዋት የምትጮኸዋ። ቤት የለወጠች መስሎኝ ነበር።”

“አለች አባዬ። ዛሬም ጮኻለች።”

“እ።” ቀኝ ጆሯቸውን እንደ ባለዕዳ በጣታቸው ነካ አደረጉት። “እንግዲህ ምን ይሻላል?”

“ዛሬ አንተ ተናገር፣ እኔ ላዳምጥ።”

“እኔ? ምን ብዬ? እኔ ወሬ የት አውቃለሁ!”

“ቁጥር ግን አይቻልም” አለች ሽቦ፣ ደረጃውን መውጣት ጀምራ።

መጀመሪያ መኪና ማቆሚያው ነበር። ድምፅ ማጉያው ኮሽ አለ፣ ጉሮሮ ተጠረገ፣ እንደገና ተጠረገ። “እ... መኪናዎች፣ ደኅና ናችሁ?” አሉ ጋሽ ጆሮ። ጥበቃው በሳቅ ፈርሶ “ደኅና ነን፣ ይመስገን!” ብሎ ጮኸ። ሽቦ በስልክ “እዚህ ትንሽ ጨምር” አለች። የሞተር ጩኸት አለበትና።

ሱቆቹ ጋ አባቷ መላመድ ጀመሩ። አንድ ደንበኛ ሬዲዮው ውስጥ በረሮ ገብቶበት “ጋዜጠኛው ያንኮራፋል” ብሎ ያመጣላቸውን ያወራሉ። ሽቦ መሐሉ ላይ ቆማ እንደሳቸው ዓይኗን ልትጨፍን አለችና ተወችው። ሰዎቹን አየች። ጨርቅ የምትቆርጠዋ ሴት መቀሱን ሳታቆም አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች፤ ደንበኛዋም የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ ፈገግ አለች። ሽቦ የምትፈልገው ይኸው ነበር፦ ሰው እንዲሰማ፣ ግን ከእጁ ያለውን እንዳይጥል። ማዕዘኑ ጋ ሄደች፣ በሩ ጋ ሄደች፣ ልክ ማጉያው ሥር ቆመች። “ይበቃል” አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንግዳ ነገር አልሆነባትም፤ ዕድሜ ልኳን ስትሰማው የኖረችው ቃል ነው።

ቢሮዎቹ ላይ፣ የበረሮው ወሬ ሲደገም፣ “ቀንስ” አለች። አንድ ጊዜ ደግማ “ቀንስ” አለች። ከታች ተቃውሞ መጣ፦ “እንዲህማ ማን ይሰማኛል?”

“ሁሉም ሰው አባዬ። አንዱ የበረሮውን ነገር ለሌላው ሊያወራ ከወንበሩ ተነሥቷል።”

ቀነሱ።

ሁለተኛ ፎቅ ሐኪሙ አንድ ሽማግሌ አስቀምጦ እየሠራ ነበር። ሽቦን ሲያይ ጣቱን ከሽማግሌው አፍ አወጣ። “ጠንቃቃ ሆኛለሁ” አላት። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ በስልክ “ከታች ጀምረህ ቀስ እያልክ አምጣው” አለች። መጀመሪያ የሚሰማ አልነበረም። ከዚያ እንደ ትንፋሽ ሆነ፣ ከዚያ ቃል ሆነ።

“ሽቦዬ፣ አሁን ይኼ ቁልፍ የሚሰማው አንቺ ጋ ብቻ ነው። ማለቴ አንቺና ጥርስ የሚያማቸው። በትንሽነትሽ ማይክሮፎን ላይ ያወራሽውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ አንዱንም አልጣልኩ። አሁን የኔ ከበዛ ዝቅ አድርጊው። መብዛቱን እኔ አላውቅም ነበር።”

ሐኪሙ መሣሪያውን እንደያዘ ቆመ። አፉን የከፈተው ሽማግሌ ምራቁን ሳይውጥ “እኽህ” አለ፤ መስማማቱ ይሁን ማመሙ አልታወቀም። ሽቦ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና “ይበቃል አባዬ” አለች። “እዚህ ልክ ነው።”

ባለ ሕንፃዋ ከሰዓት መጣች። ፎቅ በፎቅ ዞረች፣ ተከራይ በተከራይ ጠየቀች፤ ሐኪሙ ጣቶቹን አሳይቶ “አሥሩም አሉ” አላት። ስትወርድ ፊቷ ፈክቷል።

“ጋሽ ጆሮ፣ ሌላ ሰው አልጠራም። ያው ጆሮዎ ጆሮዎ ነው!”

ነገሩን እንዳለ ቢተዉት ማንም አያውቅም ነበር። ጋሽ ጆሮ ማይክሮፎኑን በቦታው አስቀመጡና “ዛሬ ያዳመጠችው ልጄ ናት” አሉ። “እኔ ተናጋሪ ሆኛለሁ። የሚቀጥለው ሕንፃሽም ላይ እንደዚሁ ነው የምንመጣው።”

ጥበቃው ይኼን አላሳለፈም። “እንግዲያ እርስዎን ማን ልንል ነው?”

“ስሜንማ አልለቅም!” አሉ ጋሽ ጆሮ። “ሰው ሁለት ጆሮ ነው ያለው። አንዱ ደኅና ነው፤ በደከመው ፋንታ እሷ አለች።”

መሰላሉን ሽቦ አሰረች። አባቷ መኪናው ውስጥ ከቀኟ ሊቀመጡ ነበርና እንደዚያ ሲቀመጡ ደኅናው ግራ ጆሯቸው ወደ እሷ እንደሚሆን አይታ ደስ አላት። በሩ ሳይዘጋ “ሰኞ ጆሮ ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ” አሉ። “ጥርስ ያልኩ እንዳይመስልሽ።” ከዚያ ያ በረሮ መጨረሻው ምን እንደሆነ ማውራት ጀመሩ። ቤት ደርሰውም አላቆሙም። እናቷ እስካሁን ድረስ “ቴሌቪዥኑስ ማጥፊያ ነበረው” እያሉ ያማርራሉ።