በአንዷ ወንበር የተቆረጠ ዋጋ

ወንበር አልባሿ ዋጋ ከቆረጠች በኋላ ተመልሳ "ጨምሩልኝ" ብላ አታውቅም። ዓይነ አፋር ናት። አንድ ጊዜ እሺ ካለች እሺ ነው፤ ቢጎዳትም ጥርሷን ነክሳ ትጨርሰዋለች። ሶፋ የሚያሳድሱ ደንበኞቿም ይህን ያውቃሉ። ትንሽ ዋጋ ይጠሩና ዝም ይላሉ። እሷ ደግሞ ዝምታ ያስጨንቃታል፤ "ይሁን በቃ" ትላለች።

የአንድ የስብሰባ አዳራሽ ወንበሮችን የማልበስ ሥራ ሲመጣ ታላቅ እህቷ አስጠንቅቃት ነበር። ይህች እህቷ የሱቋ በር ላይ ተቀምጣ ለልብስ ቁልፍ የምትተክል፣ አፏ ስለማያርፍ ሰፈሩ "ሬዲዮ" የሚላት ሴት ናት።

"ይቺን እንኳ አስበሽ ተናገሪ" አለቻት።

እሷም አሰበች። የአዳራሹ ኃላፊ ለናሙና የላከላትን ወንበር ጠረጴዛዋ ላይ ገልብጣ ፈታችው። አንድ ልብስ፣ አንድ ስፖንጅ፣ ዙሪያውን አርባ ትንንሽ ሚስማር። ነቀለች፣ ስፖንጁን ለወጠች፣ አዲሱን ሰማያዊ ጨርቅ ወጥራ መታች። በዚህ አያያዝ በቀን ስድስት ወንበር እንደምታወጣ አሰበችና ዋጋዋን በዚያ ቆረጠች። ውል ተጻፈ። ስልሳ ወንበር፣ አንዱ ይህን ያህል። ፈረመች።

ሰኞ ጠዋት መሣሪያዎቿን በዘንቢል ይዛ አዳራሹ ውስጥ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያውን ወንበር ገልብጣ ቀዩን ጨርቅ ስትገፈው ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። አረንጓዴውን ስትገፈው ቡናማ። ከቡናማው ሥር ደግሞ ወንበሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጥቁር ሌዘር። ሚስማር በሚስማር ላይ ተመቷል፤ ዝጓል፤ በጉጠት ሲይዙት አናቱ ብቻ ተቆርጦ ይመጣል። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ወንበር ጨረሰች። ጣቷም ተላጠ።

"ናሙናዋ እንዲህ አልነበረችም እኮ" አለች፣ አጠገቧ ቆሞ ለሚያያት ለጥበቃው።

"ውይ፣ ያቺማ እግሯ ተሰብሮ አናጢ ቤት ከርማ የመጣች ናት! እሱ የድሮውን ሁሉ ነቅሎ አንድ ልብስ ብቻ አልብሶ ነው የመለሳት። ሌሎቹን የነካቸው የለም።"

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የማንም አይደለም፤ የሷ ነው። ስልሳውን በአንዷ ለካች።

ለእህቷ ስትነግራት ሬዲዮ መርፌዋን ጣለች።

"ነገውኑ ሄደሽ ጨምሩልኝ በይ!"

"ፈርሜያለሁ እኮ፣ እትዬ።"

"የፈረምሽው ለወንበር ነው ለሽንኩርት? ልጣጩ የማያልቅ! ወይስ እኔ ልሂድልሽ?"

"ኧረ በስማም፣ ተይ! እኔው እሄዳለሁ።"

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ከቀትር በኋላ ተመለሰች፤ ወጥተዋል። ረቡዕ ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀምጣ የምትናገረውን ስታጠና ረፈደ። "ሥራው ከታሰበው በላይ ሆኖ…" አይ፣ ይህ ልመና ይመስላል። "ውሉን እንደገና…" ይህ ደግሞ ጠብ ይመስላል። እሷ እንዲህ ስትጨነቅ ከአጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ እያንኮራፋ ነበር። አናደዳት።

በመጨረሻ ስትገባ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

"ዋጋው… አንድ ነገር ቢደረግበት ብዬ ነበር።"

ኃላፊው መሳቢያውን ስቦ ውሉን አወጣና ፊርማዋ ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ተስማምተናል እኮ፣ እናቴ። ይሄ የእርስዎ አይደለም?"

"የእኔ ነው። ግን ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።"

እየተነጫነጨም ቢሆን መጣ። ፊት ለፊቱ አንድ ወንበር ገልብጣ መግፈፍ ጀመረች። "ይኸው፣ ቀዩ። ይኸው፣ አረንጓዴው። ከእኔ በፊት የሠሩት ሰዎች አንዱም አልነቀለም። ላዩ ላይ እየመቱ…"

የቡናማውን ማዕዘን ስትገልጥ እጇ ቆመ። ጨርቁ ማዕዘኑ ላይ ሁለቴ ታጥፎ በነጭ ክር ተይዟል። ሰኞ ከሚስማሩ ጋር ስትታገል ልብ አላለችውም ነበር። ይህን እጥፋት የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ሥራ ያስተማራት አለቃዋ። በነጭ ክር የምትይዘው ደግሞ ተለማማጅ ሳለች እሷው ነበረች። ወንበሮቹ ያኔ በጭነት መኪና ወደ አለቃዋ ሱቅ መጥተው ስለነበር ለማን እንደሠራች እንኳ አላወቀችም።

"ምነው? ቡናማውንስ ማን መታው?" አለ ኃላፊው እንደ ቀልድ።

አላውቅም ብትል ማን ያጣራል? ፊቷ ግን ቀድሞ ቀላ። "እኔ ነኝ" አለች።

ኃላፊው እስኪያስለው ሳቀ። "ያኔ ያልነቀሉትን ዛሬ በእኔ ኪስ ሊነቅሉት ነው?"

"ተለማማጅ ነበርኩ። አለቃዬ ምቺ አለኝ፤ መታሁ።"

"ይኸው ዛሬ እኔ ይምቱ እልዎታለሁ። ላዩ ላይ። ማን ያያል?"

ከሳቁ ይልቅ ያቃጠላት የተናገረው ግማሽ እውነት ያለው መሆኑ ነው።

"አምስተኛ ልብስ ሚስማር አይዝም" አለች። የወንበሩን እንጨት በጣቷ አሳየችው። "እንጨቱ በቀዳዳ አልቋል። በዓመቱ ሲላቀቅ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ተነቅሎ ይሠራ ካሉ ዋጋው እጥፍ ነው። አይሆንም ካሉ ውሉን ይቅደዱት፣ የናሙናዋን አልጠይቅም።"

ኃላፊው ሳቁን ሰብስቦ ቀን ቆጠረ። ወንበሮቹ የሚታደሱለት ስብሰባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ሌላ ባለሙያ እስኪያገኝ ይደርስበታል።

"ፊት ያሉት ሁለት ረድፎች እንግዶች ናቸው የሚቀመጡባቸው። ሃያዎቹን ነቅለው ይሥሩ፣ እጥፍ እከፍላለሁ። የኋላውን አርባ በድሮው ዋጋ፣ ላዩ ላይ። ከዚህ ወዲያ አንድም ቃል!"

እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ለዚህ ሥራ ስትል የመለሰቻቸው ሁለት ሶፋዎችና የሱቁ ኪራይ ታወሷት። ኃላፊው ዝም ብሎ ቆመ። ያ የሚያስጨንቃት ዝምታ።

"ይሁን" አለች።

ሬዲዮ ስትሰማ አጨበጨበች። "ጎሽ! እጥፍ አስጨመርሽ አይደል! ምን ፊትሽን ያስጠቁርሻል?"

"ለሃያው ነው፣ እትዬ።"

"ሃያም ቁጥር ነው!"

ሃያዎቹን በአሥራ አንድ ቀን አራቁታ እንደ አዲስ አደረገቻቸው። የኋለኞቹን አርባ ለመምታት አምስት ቀን ብቻ በቃት። በመጨረሻው ቀን ምሳ ይዛላት የመጣችው እህቷ መሬት ላይ እንደተንበረከከች አገኘቻት። ከኋለኞቹ አርባ እያንዳንዱን ወንበር እየገለበጠች እንጨቱ ላይ በወፍራም እርሳስ ትጽፋለች። "በአሠሪው ትእዛዝ ሳይነቀል የተመታ።" ከሥሩ ቀኑንና ስሟን።

"አብደሻል እንዴ? መቀመጫ ሥር ማን ገብቶ ያነብልሻል?"

"ቀጥሎ የሚገለብጠው።"

"እሱስ ቢያነበው ምን ያደርግልሻል?"

እርሳሷን አስቀምጣ መዶሻዋን አነሳች። የመጨረሻው ወንበር ላይ አንድ ሚስማር ሳይገባ ታጥፎ ቀርቶ ነበር። በጉጠት ነቅላ ያልተበሳ ሌላ ቦታ ፈለገች፣ አዲስ ሚስማር መታች፤ እሱም ታጠፈ።