ያልነካሁት እግር

ይህ የሆነው ባቡሩ ገና አቃቂ ጣቢያ እየቆመ ሰው በሚያወርድበትና በሚጭንበት ዘመን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ይሁን እንጂ የሰፈራችን ሰዎች ያን የእሑድ ጨዋታ አንስተው «እንዴት ያለ ቀን ነበር!» ባሉ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሽመና ክፍል። እሑድ እሑድ ለክፍላችን ቡድን በተከላካይነት እጫወታለሁ። ፈትል ክፍል ደግሞ ደቻሳ የሚባል አማካይ ነበረው። ስለ ደቻሳ ምን ልበላችሁ? ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ሜዳው ዝም ይላል። ቀና ብሎ ሳያይ የሰደዳት ኳስ የፈለገው ሰው ጋ ትደርሳለች። ከሳሪስ አቦ ድረስ በእግሩ እየመጣ የሚያየው ሰው ነበር።

የዚህን ሰው እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ሆን ብዬ አይደለም። ሜዳው ዝናብ መትቶት ጭቃ ሆኗል። ሁለታችንም ለአንድ ኳስ ገባን፤ እኔን አንሸራተተኝ፤ ከዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እግሩ ለወራት በጀሶ ታሰረ። ሰፈሩ በሙሉ እንቁላሉንና ቅቤውን ይዞ ወደ እሱ ቤት ጎረፈ። እኔ ሻይ ቤት ስገባ ግን ወሬው ይቋረጣል። ስሜም ቀረና «መጥረቢያው» ተባልኩ። ሌላው ሰው ሲለኝ ያንገበግበኛል። ደቻሳ ግን ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር «መጥረቢያው፣ መጣህ?» እያለ ይስቅ ነበር። ከእሱ አፍ ሲወጣ አይከብደኝም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ሜዳ ሊመለስ ሆነ። የመጀመሪያ ጨዋታው ከእኛ ጋር ነበር። ዓርብ ዕለት ከሥራ ስንወጣ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀኝ።

«እሑድ ከከተማ አንድ አሠልጣኝ በባቡር ይመጣል» አለኝ። «ከመሰበሬ በፊት ለቡድኑ ሊወስደኝ የነበረው ሰውዬ ነው። አሁን እግሬ ይችል እንደሆነ ሊያይ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ እንኳን ደስ ያለህ!»

«ስማኝማ። እንደ ድሮህ ግባብኝ። ከራራህልኝ አበቃልኝ።»

እጁን መትቼ ቃል ገባሁለት።

እሑድ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞላ። ቆሎ የሚሸጡት እማማ ጥሩነሽ ዘንቢላቸውን ይዘው መስመሩ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ልብስ ስንቀይር በረኛችን ጠጋ አለኝና «ዛሬ አምስት ቢገባብኝም ግድ የለኝም፤ ልጁን እንዳትነካው» አለኝ። የራሳችን በረኛ!

ጨዋታው ተጀመረ። ደቻሳ ኳስ በያዘ ቁጥር የእኛ ልጆች ለሙሽራ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወዲያና ወዲህ ይሉለታል። ሰዉ ያጨበጭባል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። አሠልጣኙ ባርኔጣውን ደፍቶ ከጎሉ ጀርባ ቆሟል፤ እሱ ብቻ አያጨበጭብም። ደቻሳ ተናዷል። አንዴ በአጠገቤ ሲያልፍ «ቃልህስ?» አለኝ። እኔም እንደ ሌሎቹ መንገድ ለቅቄለት ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳሷ በመካከላችን ወደቀች። እሱም ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ። ልገባበት ቆርጬ ነበር፤ እውነቴን ነው። በዚህ መሀል እማማ ጥሩነሽ ብድግ አሉና «በአቦ! በአቦ ተው ልጄ! እግሩን!» ብለው ጮኹ። ሜዳው በሙሉ ተከትሏቸው ጮኸ። ያ «ቀጭ» ያለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። እግሬን ሰበሰብኩ።

ደቻሳ ብቻውን ገባ። በረኛችን እግሩ ሥር መውደቅ ሲገባው ቆሞ አየው። ጎል!

ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ደቻሳን ትከሻቸው ላይ አወጡት፤ እኔንም አቅፈው ሳሙኝ። እማማ ጥሩነሽ ኪሴ ውስጥ እፍኝ ቆሎ ጨመሩልኝና «ተባረክ! ዛሬ ሰው ሆንክ» አሉኝ።

አሠልጣኙን ዞር ብዬ ባየው የለም። ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ባቡሩ ላይ ሊወጣ ሲል ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ይወስዱታል አይደል?»

«ችሎታውንማ ድሮም አውቀዋለሁ» አለኝ። «የመጣሁት እግሩን ለማየት ነበር። ማን ነካውና ልየው? እዚያ የሚጠብቁት ተከላካዮች እኮ እንደ እናንተ አይወዱትም።»

«በሞቴ፣ የሚቀጥለው እሑድ ይመለሱ! እኔ ራሴ እገባበታለሁ!»

«የተጫዋች ምዝገባ ነገ ያበቃል፣ ወንድሜ» አለና ወጣ። ባቡሩ ጮኾ ሄደ። ቆሎዬን በኪሴ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ስመለስ ደቻሳን ገና አላወረዱትም። ከላይ ሆኖ ፊቴን አየኝ። ምንም ሳልነግረው ገባው። «አውርዱኝ» አለ። እየጨፈሩ ስለነበር አልሰሙትም። «አውርዱኝ እኮ ነው የምላችሁ!» ብሎ ሲጮህ ነው ያወረዱት። ጫማውን ፈትቶ በእጁ ያዘና ወደ ቤቱ ሄደ። ሰዉ ደክሞት ነው ብሎ ጭፈራውን ቀጠለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ ይቅር አለኝ። ሻይ ቤት ስገባ ይጋብዙኛል፤ መጥረቢያው የሚለኝም ጠፋ። ደቻሳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፈትል ክፍል ሠራ። እሑድ እሑድ ይጫወት ነበር። ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ቡድኖች ያለ ምንም ርኅራኄ ይገቡበታል፤ ያ እግር ግን አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረውም። ከሁሉም የሚያበግነኝ ይህ ነው። ይችል ነበር! እኛ በመውደዳችን አስቀረነው።

ዛሬ ያ ባቡር የለም፤ እኔም ሸምግያለሁ። ስለዚያ ቀን በደስታ የሚያወሩትን ልቆጣቸው እነሣና እተወዋለሁ፤ እግሩን የሰበሰበው ማን ሆነና? ከደቻሳ ጋር በሐዘንም በደስታም እንጠያየቃለን። እግሩን ስለ መስበሬ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ከዚያች እሑድ ወዲህ ግን እሱም እንደ ሌላው ሰው በስሜ ነው የሚጠራኝ። ቤቱ በሄድኩ ቁጥር፣ በሩን ሳንኳኳ፣ «መጥረቢያው፣ መጣህ?» ቢለኝ ብዬ እጠብቃለሁ።