ጉርሻ የተከለከለበት ቤት

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ቀለበት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ስትሮክ መትቶት ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩም ንግግሩም ደህና ነበሩ። ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው ተብሎ ያደገ በመሆኑ ማንኪያ ብንሰጠውም እምቢ አለ።

እናቴ ታጎርሰው ጀመር። እሷ ስትደክም እኔ፣ እኔ ሥራ ስሄድ ደግሞ ጎረቤታችን፣ የወሎዋ ሴትዮ፣ ሾርባዋን ይዛ ከች ትላለች። አትክልት ተራ የሚነግደው አጎቴ ሳይቀር ብርቱካን እየላጠ ያጎርሰው ነበር። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ቦርጭ አወጣ። እኛም የተንከባከብነው መስሎን ደስ ብሎን ነበር።

በዚህ መሃል ሆስፒታሉ፣ አንጎል ከስትሮክ በኋላ እንዴት እንደሚያገግም የሚያጠና ቡድን በሚከታተላቸው ታካሚዎች ውስጥ አባቴን አስገባው። የቡድኑ ፊዚዮቴራፒስት፣ ረጋ ያለች ወጣት፣ ቤታችን ስትመጣ ምሳ ላይ ደረሰች። ስናጎርሰው አየችን። ትሪው ከተነሳ በኋላ ነው የተናገረችው።

«የተጎዳው የአንጎል ክፍል ሥራውን ለጎረቤቱ ማስረከብ ይችላል። ጎረቤቱ የሚማረው ግን እጁ ሲሠራ ነው። እናንተ በሠራችሁላቸው ቁጥር አንጎላቸው ያንን እጅ እየረሳው ይሄዳል» አለች።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነበር። ማዕድ ሲቀርብ ደህናው ግራ እጁ ቀኙን እንዳያግዝ ወፍራም ጓንት ይደረግለታል፤ ማንም አያጎርሰውም። ለሁሉም ሰው ይሠራ እንደሆነ ገና እየተጠና ስለሆነ ቃል እንደማትገባ ነገረችን። ፈቃደኛ መሆኑን ስትጠይቀው አባቴ፣ የስንቱን ጣት በቀለበት አሳምሬ የራሴ ጣት እንዴት እምቢ ይለኛል አላት።

የመጀመሪያው ቀን እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እንጀራው ከጣቱ እያመለጠ ሽሮው ደረቱ ላይ ሲንጠባጠብ ማየት ያማል። እኔ ግን ቁጡ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ የትሪው ዘበኛ ተደርጌ ተሾምኩ። አጎቴ ሊያጎርሰው የዘረጋውን እጅ አየር ላይ ይዤ ስመልሰው አኩርፎ ሄደ። ጎረቤታችን ሾርባዋን እንደያዘች ከበር ተመለሰች።

አባቴ ጓንቱን ዝቅ ብሎ አየና «ደርግ እንኳ ጉርሻ አልከለከለም» አለኝ።

ቢሆንም አልተወም። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ታዘዘለት፤ ሌሎቹም እየተግደረደሩ ተከተሉ። ከዚያ ወፍ የምትጎርሰውን የምታህል ጉርሻ እየጠቀለለ፣ ግማሹን እየደፋ፣ ግማሹን አፉ ማድረስ ቻለ። በልቶ ሲጨርስ እንደ ድሮው እጁን ታጥቦ ሲያደርቅ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ አጎቴ ኩርፊያውን ትቶ መጥቶ አብረን ምሳ ቀረብን። አባቴ ቆርሶ ጠቀለለ። ወደ አፉ ይወስደዋል ብዬ ስጠብቅ እጁ ትሪውን አቋርጦ ወደ እኔ መጣ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ወደቀ። የቀረውን ጎረስኩና እንባዬ መጣ። እናቴ ፎጣ ልታመጣ ስትነሳ አባቴ በዓይኑ ተቀመጪ አላት።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና ቀኝ እጁን መልሶ ወደ ትሪው ሰደደ።