የጥንቶቹ ስሕተት በሎረንስቪል

አሜሪካ፣ ሎረንስቪል ያለው የልጄ ቤት ከነጋ በኋላ ሰው የለበትም። ልጄና ባሏ በማለዳ መኪናቸውን አስነሥተው ይወጣሉ፤ እኔ ከፍሪጁ ድምፅ ጋር እቀራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የናፈቀኝ አገር አይደለም፤ «መምህር፣ ተሳስተዋል» የሚለኝ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ብቸኝነቱ ሊያሳብደኝ ነበር።

ስለዚህ የልጅ ልጄ «አባባ፣ የፊዚክስ ቴስት አለኝ፣ ሄልፕ ታደርገኛለህ?» ስትለኝ ጺሜን ተላጭቼ፣ ከረባት አስሬ ጠበቅኳት። እኔ ደግሞ ከፎርሙላ አልጀምርም፤ ፊዚክስ ገና የተፈጥሮ ፍልስፍና ይባል ከነበረበት ዘመን ነው የምነሣው። የጥንቶቹን ፈላስፎች ስሕተት የራሴ እምነት አስመስዬ፣ ኮስተር ብዬ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ዘሎ እስኪነሣብኝ ድረስ ፍንክች አልልም።

«ሁሉ ነገር የተሠራው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ነው» አልኳት። ይህንንማ ሰንበት ትምህርት ቤት ስለሰማችው ራሷን ነቀነቀች። «ድንጋይ የሚወድቀው መሬት ዘመዱ ስለሆነች ወደ እሷ ለመድረስ ነው። ከባዱ ደግሞ ጉጉቱ ስለሚበዛ ይቀድማል።» እጄን ከፍ አድርጌ ሎሚና ወረቀት አንድ ላይ ለቀቅኩ። ሎሚው ዱብ አለ፤ ወረቀቱ እየተንሳፈፈ ዘገየ። በእኔ ክፍል ቢሆን ይሄኔ አንድ ነገረኛ ወረቀቱን ጨምድዶ ከሎሚው እኩል ያወርደውና ያሳፍረኝ ነበር። እሷም እንደዚያ ታደርግ እንደሆነ ጠበቅኳት።

«ኦኬ፣ አባባ» ብላ ጻፈችው። አመስግናኝም ወደ ክፍሏ ወጣች።

ደነገጥኩ። ልጅቷን ገደል ልከታት ነው! ጉልበቴን እየረገምኩ ደረጃውን ወጣሁና አንኳኳሁ።

«ቅድም ያልኩሽ ውሸት ነው፤ አየር ባያዘገየው ኖሮ ሁለቱም እኩል ይወርዱ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አባባ። ክላስ ውስጥ ተምረነዋል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

የታመመ ሰው እንደሚታይ አየችኝ። «ማሚ ናት፣ እንዳትከራከሪው፣ አፕሴት ይሆናል ያለችኝ።»

ልጄና ባሏ እራት ላይ የተናገርኩትን ሁሉ «ልክ ነዎት» እያሉ የሚያሳልፉልኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔ እኮ አሳምኛቸው ይመስለኝ ነበር።

«ተከራከሪኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «ደስ ነው የሚለኝ።»

«ልክ ነህ፣ አባባ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።