ለሽማግሌው የሰጠሁት ዓሣ

ዓሣ ይዞ መልሶ መልቀቅን ለአገሬ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ እኔም ብዙ አልደከምኩበትም። በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ከፀደይ እስከ መኸር፣ በወር አንድ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሐይቅ እወርድና አመሻሽ ላይ ባዶ እጄን እመለስ ነበር። ባለቤቴ በመጀመሪያው ዓመት ተናደደች፤ ከዚያ በኋላ መሳቂያ አደረገችኝ።

"ዓሣን መብላት በብልሃት ሲባል ነው የምናውቀው" ትላለች እንግዳ ፊት። "የእሱ ብልሃት መልቀቅ ነው። ኦፍ ቀኑን እዚያ ጨርሶ ለፍሪጅ አንዲት ቁራጭ አያመጣም።"

እንግዳው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ክለቡ ውስጥ ያስገባኝ የምሠራበት ፓርኪንግ ያለበት ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ ነው። ባስ የሚባለውን ዓሣ ብቻ የሚያጠምዱ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ሲሆኑ፣ ሀበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጀልባ ያለው ጀልባ ከሌለው ጋር በዕጣ ይጣመራል፤ ባለጀልባው ከፊት፣ እንግዳው ከኋላ ቆሞ ያጠምዳል። የተያዘው ዓሣ ጀልባዋ ውስጥ በተሠራ የውሃ ሳጥን ከነነፍሱ ይቀመጣል። ሁለቱም የሚያስቀምጡት እዚያው ስለሆነ፣ የማን እንደሆነ እንዲለይ ከንፈሩ ላይ ባለቀለም መቆንጠጫ ይደረግበታል። ቀይ የባለጀልባው ነው፣ ቢጫ የእንግዳው። ከሰዓት በኋላ ይመዘንና ሁሉም ወደ ውሃው ይመለሳል። በዓመቱ ድምር አንደኛ የወጣው ሰው ስሙ በክለቡ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። ሌላ ሽልማት የለም፤ ለዚያ ሰሌዳ ግን ሽማግሌዎች ሲኮራረፉ አይቻለሁ።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ በተከፈተ ቁጥር አንድ ደንብ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። የሌላውን ዓሣ የራሱ ነው ብሎ ያስመዘነም፣ ዓሣውን አሳልፎ የሰጠውም፣ ሁለቱም ከክለቡ ይሰናበታሉ። በደንብ ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን ለሌባ የወጣ ደንብ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። ሰው የራሱን ነገር ወዶ ለሌላ ቢሰጥ ምን ወንጀል አለው?

ነገሩ የመጣው በአንድ ሽማግሌ በኩል ነው። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ የሚኖሩ ሰባ አምስት ያለፋቸው የፖስታ ቤት ጡረተኛ ነበሩ። የልጅ ልጅ የሚሆናቸው ሁሉ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እኔ አፌ እምቢ ስላለኝ "ሰር" እላቸው ነበር። እንግሊዝኛው አንቱ ባይኖረውም በሆዴ አንቱ ነበሩ። ጀልባቸው ውስጥ አብረን ስንሆን እሳቸው መንጠቆ ሳይጥሉ እኔ አልጥልም ነበር። ይህ ያበሳጫቸዋል።

"ምን ትጠብቃለህ?" ይሉኛል። "ዓሣው ለዕድሜ ቦታ አይለቅም።"

በአንዱ ዓመት የመጨረሻ ውድድር ላይ ዕጣው ከእሳቸው ጋር ጣለኝ። በድምሩ በትንሽ ልዩነት ይመሩ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በክለቡ ኖረው ስማቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሰሌዳው ላይ አልወጣም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ያወሩኝ ስለ ሰሌዳው አልነበረም።

"ልጄ የመኪናዬን ቁልፍ ልትቀማኝ ነው" አሉኝ። "አንድ ቀን ቤልትዌይ ላይ መውጫ ስቼ ሌላ ሰፈር፣ አናንዴል ሄጄ ተገኘሁ። ከዚያ ወዲህ አእምሮህ እየከዳህ ነው ትለኛለች። መውጫ የማይስት ማን አለ?"

"ማንም የለም" አልኳቸው። ከተማውን በሚዞረው በዚያ ፈጣን መንገድ እኔ ራሴ በሳምንት አንዴ መውጫ እስታለሁ።

"መርሳት የጀመርኩ ቀን ራሴ አምጥቼ እሰጥሻለሁ ብያታለሁ። እስከዚያ ግን ቁልፉ የኔ ነው።"

እስከ እኩለ ቀን ሦስት ትናንሽ ዓሦች ያዙ። እኔ ሁለት ይዣለሁ። ሳንድዊቻቸውን በልተው፣ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብዙም ሳይቆይ የእኔ ዘንግ ጎበጠ። እንዳልቀሰቅሳቸው ትንፋሼን ውጬ፣ መረቡን በአንድ እጄ ይዤ አወጣሁት። በዚያ ክለብ ቆይታዬ የሚያህለውን አልያዝኩም፤ ሁለት እጅ ካልሆነ አይያዝም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ቢጫውን ትቼ ቀዩን መቆንጠጫ አነሳሁ። ምንም አላመነታሁም፤ እንዲያውም አውቶቡስ ውስጥ ለሽማግሌ ወንበር እንደለቀቀ ሰው ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደብ ደርሰን ዓሦቹን ወደ ከረጢት ሲያዛውሩ እጃቸው ቆመ።

"ሦስት ነበር የያዝኩት" አሉ።

"አራት ነው" አልኳቸው። "ትልቁን ከመተኛትዎ በፊት ነው የያዙት። መረቡን እኔ ነኝ ያቀበልኩዎት።"

ቀዩን መቆንጠጫ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

"እኔ ነኝ የያዝኩት?"

"እርስዎ ነዎት።"

ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የዓመቱ አንደኛ ሆኑ። ፎቶ ሲያነሷቸው ዓሣውን አቅፈው ቆሙ እንጂ ፈገግ አላሉም። ደስታ ያደነዘዛቸው መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው።

"ያንን ዓሣ በምን ነበር የያዝኩት?"

"በፕላስቲኳ ትል" አልኩ።

"የት ቦታ?"

"የወደቀው ግንድ አጠገብ።"

"እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። ውሸቱ አማረልኝ፤ ዓሣው ሁለቴ እንደዘለለ ሁሉ ጨመርኩበት።

"ነገ ልጄ ጋ እሄዳለሁ" አሉ ስጨርስ። "ቁልፉን ልሰጣት ነው። አምስት ቀን ሙሉ ሳስብ አንዱም አይታየኝም፣ ግንዱም፣ መዝለሉም። በሕይወቴ ትልቁን ዓሣ ከረሳሁ እሷ ልክ ናት።"

"እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። "እሺ" ያልኩት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ምን ሆነሃል አለችኝና ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ይህን ጊዜ አልሳቀችም።

"ጤነኛውን ሰውዬ እብድ ነዎት ልትላቸው ነው?" አለች። "ኮል አድርግላቸው። አሁን!"

ደወልኩ። ዓሣው የእኔ እንደነበር፣ እሳቸው ተኝተው እንደነበር ነገርኳቸው።

"አልረሳሁም ማለት ነው" አሉ።

"አልረሱም።"

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። እኔም ኩርሲው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ሊቀመንበሩ ሄዱ። የሆነውን ራሳቸው ተናገሩ። ደንቡ ደንብ ስለሆነ ሁለታችንም ተሰናበትን፤ ሰሌዳው ላይ ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ስም ተቀረጸ። ስለ እኔ አልከፋኝም፤ በእሳቸው ግን አንጀቴ ተቃጠለ።

በሚቀጥለው እሑድ ቤቴ በር ላይ መኪና ቆመ። ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ቤልትዌዩን ይዘው፣ ራሳቸው ነድተው መጡ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጣሁና ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ደጅህ ድረስ ከመጣ ይቅር ብሎህ ነው የሚመጣው። ይግቡ አልኳቸው፤ ባለቤቴም ከበሩ ላይ ሆና ይግቡ አለች። እሳቸው ግን ከመኪናው አልወረዱም። መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረጉ።

"ከክለቡ ሰው ሁሉ የምታከብረኝ አንተ ነህ ብዬ ነበር" አሉ።

"ነው እኮ" አልኩ።

"ልጄ ረስተሃል ስትለኝ ቢያንስ ትጠይቀኛለች፤ ትከራከረኛለች። አንተ ግን ገና ተኝቼ ሳለሁ ይህ ሰውዬ አያስታውስም ብለህ ወሰንክ።"

አላሰብኩትም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። መስኮቱን ዘግተው፣ ፍሬቻ አብርተው፣ ቀስ ብለው ሄዱ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ አንዴም ሳልጠይቃቸው የወሰንኩት እኔ መንገዱ ላይ ቀረሁ። አላሰብኩትም ብላቸው ውሸት ይሆን ነበር። ቀዩን መቆንጠጫ ሳነሳ እንደሚረሱ እርግጠኛ ነበርኩ።